ሴንተር ስፒከር የሚመረጠው ጥግ ለተቀመጠው ነው

ሆም ቲያትር ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከባሱ ነው። ሳብውፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን) ስንት ኢንች ይሁን፣ ስንት ዋት ነው፣ መስኮት ያንቀጠቅጣል ወይ? እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሳሎናችሁ ውስጥ ማን የት ነው የሚቀመጠው? አብዛኞቹ ይሄ ከስፒከር ጋር ምን አገናኘው የሚል ፊት ያሳዩኛል። በጣም ስለሚገናኝ ነው ቁጭ ብዬ መጻፌ።

ሴንተር የምንለው ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ የሚቀመጠውን ስፒከር ነው። በ5.1፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብውፈር፣ በተቀናበረ ፊልም ላይ ሙዚቃው፣ ዝናቡ፣ መኪናውና ፍንዳታው ለግራ፣ ለቀኝና ለኋላ ስፒከሮች ይከፋፈላል። ንግግሩ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚወጣው ከዚህ ከአንዱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ድምፁ ይጮሃል፣ የሚሉት ግን አይሰማም» ብሎ ሲያማርር መጀመሪያ ሄጄ የማየው እሱን ነው።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎናችን እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ሳሎን ጠበብ ያለ ነው፤ ሶፋውም ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለእንግዳ የሚለቀቅ ነው። እማዬ የምትቀመጠው በጎን በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነው። እሁድ ቡና ሲፈላ እህቴ ረከቦቱን ዘርግታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትሆናለች፤ ከሶፋው ዝቅ ብላ፣ ከስክሪኑም በጣም ፈንጠር ብላ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው። የድምፅ ባለሙያዎች ምርጥ መቀመጫ የሚሉት፣ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል የሚርቀው የመሀሉ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማንም የለም። ስለ ስፒከር የሚጻፈውና በቪዲዮ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ግን ለዚያ ለመሀሉ ቦታ ነው፤ ወንበሩን መሀል አድርጎ ብቻውን ለሚያዳምጥ ሰው። የኛ ቤት እንደዚያ አይደለም፤ ምክሩም እንደ ቤታችን መሆን አለበት።

ሁለት ጥሩ ስፒከር ካለ ሦስተኛው ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግራውና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያወጡ መሀል ለተቀመጠ ሰው ተናጋሪው ከስክሪኑ መሀል የሚናገር ይመስለዋል። ወደ ጎን ፈቀቅ ካለ ግን የቅርቡ ስፒከር ድምፅ ቀድሞ ይደርሰዋል፤ አእምሯችን ደግሞ ድምፁ የመጣው ቀድሞ ከደረሰው አቅጣጫ ነው ብሎ ይወስናል። ተዋናዩ ስክሪኑ መሀል ቆሞ ድምፁ ጥግ ይገባል። የቤል ላቦራቶሪ (የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም) ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1933 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራን ሙዚቃ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ኮንስቲትዩሽን ሆል በሽቦ ሲያስተላልፉ የተጠቀሙት ሦስት ማይክሮፎንና ሦስት ስፒከር ነበር፦ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል መቀመጥ አይችልማ። መሀል ለተቀመጠውም ቢሆን ጣጣ አለው፤ የግራው ስፒከር ድምፅ ለቀኝ ጆሮ፣ የቀኙ ደግሞ ለግራ ጆሮ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ 2000 ኸርዝ (በሰከንድ 2000 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ ይቀንሳል። ተነባቢዎች ጥርት ብለው የሚለዩት ደግሞ ከዚያ አካባቢ ጀምሮ ነው።

ሲኒማ ቤት ይህን የሚፈታው ሴንተሩን ከስክሪኑ ጀርባ በማቆም ነው። ስክሪኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ድምፅ ያሳልፋል። የቤት ቴሌቪዥን ድምፅ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ስፒከሩን በጎኑ አጋድመው ከቴሌቪዥኑ ሥር እንዲገባ አደረጉት፤ ነገሩ የተበላሸውም ያኔ ነው።

ገበያ ላይ አብዛኛው ሴንተር አንድ ዓይነት መልክ አለው። የተጋደመ ረጅም ሣጥን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ውፈር (ወፍራሙንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ክብ)፣ መሀላቸው አንድ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ)። ይህ አሰላለፍ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጆሴፍ ዳፖሊቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ጥናት ነው ያስተዋወቀው፣ እስካሁንም በስሙ ይጠራል። ግን የታሰበው ቀጥ ብሎ ለሚቆም ስፒከር ነበር። ሲቆም ሁለቱ ውፈሮች ላይና ታች ይሆናሉ፤ ጎን የተቀመጠ ሰው ከሁለቱም እኩል ይርቃል። ሲጋደም አንዱ ውፈር ይቀርበዋል፣ ሌላው ይርቀዋል።

በኛ ሳሎን ላስላው። የሁለቱ ውፈሮች ርቀት ከመሀል እስከ መሀል 30 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። እማዬ ከስፒከሩ ቀጥታ መስመር 35 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን ናት። እሷ ጋ ለመድረስ የሩቁ ውፈር ድምፅ ከቅርቡ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበልጥ ይጓዛል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ 17 ሳንቲ ሜትር የ1000 ኸርዝ ሞገድ ግማሽ ነው። አንዱ ውፈር አየሩን ሲገፋ የሌላው እየሳበ ይደርሳል፤ ስለዚህ ይጠፋፋሉ። 1000 ኸርዝ ደግሞ የሰው ንግግር እምብርት ነው። የሚቀረው ድምፅ ነጠላውን አፉ ላይ አጣፍቶ የሚናገር ሰው ይመስላል፤ መናገሩ ይሰማል፣ ያለው ግን አይለይም። ሪሞቱን ይዞ ድምፅ መጨመር አይረዳም፤ የሚጨምረው ያልጠፋው ነው፣ የጠፋው እዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነገር ከሁሉም በላይ እንዲነበብልኝ እፈልጋለሁ። በብዙ ቤት፣ አባት ወይም እናት ቴሌቪዥን ላይ የሚባለውን ደጋግመው ሲጠይቁ «ጆሯቸው ደክሟል» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ከፍተኛውን ድምፅ መስማት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ንግግርን የሚከታተለው በቀረለት በመካከለኛው ድምፅ ነው፤ በጎኑ ያጋደምነው ስፒከር ደግሞ የሚነጥቀው እሱኑ ነው። ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣው የቀድሞው ሴንተር እያለ እማዬ ድራማ ስታይ በየመሀሉ «ምን አለ?» ትላለች። አንድ ማታ «እስቲ እማዬ፣ ለአፍታ የእንግዳው ቦታ ላይ ሁኚ» አልኳት። ያንኑ ክፍል መልሰን ከፈትን፣ ድምፁን አልነካሁትም። ዝም ብላ ተከታተለች። ሲያልቅ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነው ነው ጮክ ብለው የሚያወሩት?» አለችኝ። ጆሮዋ ያው ነው፤ የተለወጠው መቀመጫዋ ብቻ ነበር። እናትን ከለመደችው መስኮት አስነስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግን መፍትሔ አይደለም። መለወጥ ያለበት ስፒከሩ ነው።

የተጋደመ ባለ ሁለት ውፈር ሴንተር ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም። ሁሉም ሰው ከመሀሉ በ10 ዲግሪ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ርቆ ከመሀሉ ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ የሚጠፋው ድምፅ ከ3000 ኸርዝ በላይ ይወጣል፤ እዚያ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ትዊተሩ ስለሆነ ጉዳቱ አይሰማም። ባልና ሚስት ብቻ በአንድ አጭር ሶፋ ለሚያዩበት ቤት ይበቃል። ዙሪያውን ለሚቀመጥ ቤተሰብ አይበቃም።

ታዲያ ምን ይገዛ? ሱቅ ስትገቡ የፊቱን ጨርቅ አስነሡና ውስጡን ተመልከቱ። በሁለቱ ውፈሮች መሀል ትዊተር ብቻ ካለ ከላይ ያልኩት ዓይነት ነው። መሀል ላይ ትዊተሩ ከላይ፣ ከሥሩ ትንሽ ሚድሬንጅ (መካከለኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ) ካለ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ንግግሩን የሚሸከመው አንዱ ሚድሬንጅ ይሆናል፣ ሁለቱ ውፈሮች ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ ይሠራሉ፤ ጎን ያለ ሰው የሚያጣው ነገር በጣም ያንሳል። ሌላው መንገድ ትዊተሩ በውፈሩ እምብርት ውስጥ የተተከለበት ነው። ኬኢኤፍ የተባለው የስፒከር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ዩኒ-ኪው እያለ የሚሠራው ዓይነት ማለት ነው። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ነጥብ ስለሚነሡ ከጎንም፣ ከላይም፣ በርጩማ ላይ ከተቀመጠ ሰውም አንጻር ልዩነቱ ትንሽ ነው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ሴንተር የሚል ስም የሌለውን ነው። ግራና ቀኝ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሦስተኛ ስፒከር፣ እንደነሱ ቀጥ ብሎ የቆመ። ሰው ከስክሪኑ ግራ ወደ ቀኝ እየተናገረ ሲሄድ ድምፁ መሀል ላይ ሲደርስ አይለወጥም፤ ያው ሰው ሆኖ ያልፋል። ችግሩ እንዲህ ያሉ ስፒከሮች የሚሸጡት በጥንድ መሆኑ ነው። እኔና እንደኔ ዓይነት ስፒከር ያለው አንድ ወዳጄ አንድ ጥንድ በጋራ ገዝተን ተካፈልን። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከቡፌው አንሥቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና ስፒከሩ ከሥሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። መልኩ እንደ ተጋደመው አያምርም ይሉኛል። እኔ ግን ልብ ብዬ የምመለከተው መስኮቱ ሥር ያለችውን ነው።

አንድ ዓይነት ማግኘት ካልተቻለ ቢያንስ የአንድ ብራንድ አንድ ተከታታይ ይሁን፤ ትዊተሩ ከተመሳሰለ አብዛኛው ነገር ተሳክቷል። ሳብውፈር ግን እንዲህ አያስጨንቅም። በዝቅተኛው ድምፅ ላይ ጆሮ የብራንድ ልዩነትን ያን ያህል ስለማይለይ ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም ከሌላ ቤት የመጣ ሊጨመር ይችላል። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ወደ ሴንተሩ ያድላ።

በጣም ትንንሾቹን፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጡትን ኩብ መሰል ሴንተሮች አልመክርም። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ በግምት ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ነው። ትንሹ ስፒከር እዚያ ድረስ ስለማይወርድ አምፕሊፋየሩ (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ታችኛውን ክፍል ለሳብውፈሩ ይሰጠዋል፤ የሰውየው ግማሽ ድምፅ ከስክሪኑ፣ ግማሹ ጥግ ካለው ሣጥን ይመጣል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ለሳብውፈሩ መስጠት የተለመደው በምክንያት ነው።

ፒያሳ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ለእህቴ ባል ሴንተር ስንፈልግ የሆነውን ልንገራችሁ። ሻጩ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ 1200 ዋት ነው፣ ሰፈር ያናውጣል» አለኝ።

«ሰፈሩን ተወው። ሌሎቹን ንቀልልኝና ሴንተሩ ብቻውን ይናገር።»

«ብቻውን? ብቻውን እኮ ምንም አይል፣ ጋሼ።»

«ግድ የለም፣ እንስማው።»

ከስልኬ የቆየ የሬዲዮ ትረካ ከፈትኩ፤ አንድ ወንድ ያለ ሙዚቃ የሚያነበው። ፊት ለፊት ቆሜ ሰማሁት፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ጎን ተራመድኩ። ልጁ ባንኮኒው ጀርባ፣ በስፒከሩ ጎን ነበርና ከኔ በፊት እሱ ነቃ። «ጋሼ፣ እኔ ጋ እኮ ታፍኗል» አለኝ። ና እኔ ወዳለሁበት አልኩት፤ መጣና ፊት ለፊት ቆመ። ተመልሶ ሄደ። ሁለተኛ መጣ። ስፒከሩን አንሥቼ በጫፉ ሳቆመው፣ ሁለቱ ውፈሮች ላይና ታች ሲሆኑ፣ ባንኮኒው ጋ ድምፁ ተመለሰ። ልጁ ስፒከሩን ራሱ እየደጋገመ ያስተኛና ያቆም ጀመር። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ጥግ ሆኜ ነው የምሰማው፣ እኔ ደግሞ ሙዚቃው ነው እል ነበር» አለ። ከመደርደሪያው ላይ ትዊተሩ ከሚድሬንጁ በላይ የሆነውን አውርዶ ራሱ ገጠመልን፤ እሱን ይዘን ሄድን።

ሣጥን ላይ የሚጻፈው ዋት ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል ኃይል) ከሆነ ዝለሉት፤ ስፒከሩ ጸንቶ ስለሚሸከመው ኃይል የሚናገረው ነገር የለም። ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልጉ፤ በተመሳሳይ ኃይል ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚነግር ቁጥር ነው። 90 ዲሲቤል የሆነው ከ87ቱ ጋር እኩል እንዲጮህ የሚፈልገው ኃይል ግማሹን ነው፤ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ግን ሁለቱም ይበቃሉ።

በአማርኛ መሞከሬ ያለ ነገር አይደለም። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ ቀ ተገፍተው በአጭሩ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው። ደካማ ስፒከር ላይ ጠ ወደ ተ፣ ጸ ወደ ሰ ይጠጋል። ሰ እና ሸ ላይ ጆሮ የሚወጋ ፉጨት ከተሰማ ደግሞ ትዊተሩ ከመጠን በላይ ነው፤ በአንድ ሰዓት ድራማ ራስ ያዞራል። የሰው ድምፅ እንዴት መሆን እንዳለበት በደንብ የምናውቀው በአፍ መፍቻችን ነው። በእንግሊዝኛ ፊልም ብትሞክሩ ያልሰማችሁት በስፒከሩ ይሁን በአነጋገሩ መለየት ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ከሀገር ውስጥ ቻናሎችና ከዩቲዩብ የምናየው የአማርኛ ፊልምና ድራማ በአብዛኛው ስቴሪዮ ነው፤ ግራና ቀኝ ብቻ። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ስቴሪዮ ላይ ከሆነ ያን ያህል የደከማችሁበት ሴንተር አንድ ቃል አይተነፍስም። ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ወይም አዳዲሶቹ ላይ ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ክፈቱ። ፕሮ ሎጂክ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ፕሮ ሎጂክ ሁለት ደግሞ በ2000 ነው የወጣው፤ የቆየ ዕቃ ላይም ይገኛል ማለት ነው። ሥራው በግራና በቀኝ እኩል ያለውን ለይቶ ወደ መሀል መላክ ነው፤ ንግግር ደግሞ ሲቀናበር ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እኩል ነው የሚገባው። ይህን ከፍቼ ያሳየሁት ሰው ሁሉ የቤቱ ሴንተር እስካሁን ዝም ብሎ እንደኖረ ሲያውቅ ይገረማል።

ያገለገለ ለምትገዙ ጥቂት ልጨምር። የውፈሩ ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ የሚፈረፈር ከሆነ ተዉት፣ የጎማው ይሻላል። ውፈሩን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ የሚፈገፍግ ድምፅ ካለው ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ተቃጥሏል ወይም ከቦታው ተናግቷል። ትዊተሩ በልጅ ጣት ገብቶ ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ሌላ ፈልጉ። ዘመድ ከአሜሪካ ለሚልክላችሁ ደግሞ፦ አምፕሊፋየር ያልተገጠመበት ስፒከር ራሱ መብራት ስለማይሰካ 110 ሆነ 220 አያስጨንቀውም፤ አምፕሊፋየሩ ግን የ110 ከሆነ ትራንስፎርመር የግድ ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ የማጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡፌው ውስጥ አትክተቱት። በእንጨት ከተከበበ ድምፁ ይታፈናል፣ ወንዶቹ ሁሉ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይሆናሉ። ላዩ ላይ ይሁን፤ የፊቱ ጠርዝ ከቡፌው ጠርዝ እኩል ይውጣ፣ አለዚያ ከፊቱ ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ድምፁን ያንጸባርቃል። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ከፊት በኩል ሁለት የጎማ ቁራጭ አስገቡና ቀና አድርጉት፤ ወደ ተቀመጠ ሰው ጆሮ ይመልከት። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ላይ ርቀቱን በትክክል አስገቡና የሴንተሩን የድምፅ መጠን ሁለት ወይም ሦስት ዲሲቤል ከፍ አድርጉት። ማታ ሲሆን ጠቅላላውን ድምፅ መቀነስ ትችላላችሁ፣ ንግግሩ አሁንም ይሰማል፤ በብሎኬት ግድግዳ ማዶ ሕፃን የምታስተኛ ጎረቤት ላላቸው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ንግግሩ አሁንም ካልጠራ ስፒከሩን ከመለወጣችሁ በፊት ወለሉን ተመልከቱ። ሴራሚክ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ የመስታወት ጠረጴዛና ስስ መጋረጃ ያለበት ሳሎን ውስጥ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ተንጫርሮ የሚቆይ ከሆነ የተዋናዩም ቃል እንደዚያው ነው የሚሆነው፣ ያለፈው ቃል ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይደርሳል። ከስፒከሩና ከሶፋው መሀል ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ፣ መስታወቱን ጠረጴዛ ወደ ጎን አድርጉ፣ መጋረጃውን ደረብ አድርጉት። የእህቴ ባል አዲሱን ሴንተር ገጥሞ አልጠራልኝም ብሎ ሲደውል የመከርኩት ይህንኑ ነበር። ምንጣፉ እዚያው መኝታ ቤት ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር፤ አውጥቶ ካነጠፈው በኋላ የጨመርኩት ዲሲቤል በዝቶበት መልሶ ቀንሶታል።